እናቴ አልተስማማችም

ሬዲዮ ላይ «ሳይንቲስቶች ሁሉ ተስማምተዋል» የሚል ድምፅ ከሰማሁ ተነስቼ እዘጋዋለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። «ደግሞ ጀመረህ!» ትለኛለች። አዎ፣ ይጀምረኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ እየፈላ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ሰውዬ ያልተማረ ነው፤ የዓለምን መሞቅ የሚክድ ደረቅ ነው» ትሉኝ ይሆናል። በሉኝ። ግን መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ በሉኝ።

በዚያ በግምገማና በአንድ ለአምስት ዘመን ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ውስጥ ሞንታርቦ አከራይ ነበርኩ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ፣ የትም አለሁ። ዋናው እንጀራዬ ግን ስብሰባ ነበር። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አልነበረም። እኔ ጥግ ላይ ማጉያዬን ይዤ እቀመጣለሁ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ይላል፤ ይጨበጨባል፤ እኔም ገመዴን ጠቅልዬ እወጣለሁ። «ተቃውሞ» ካለ በኋላ «የለም» እስኪል ድረስ ሰው እጁን ከኪሱ የሚያወጣበት ፋታ እንኳ አይሰጥም ነበር።

ደግሞ እያንዳንዱ ሰብሳቢ የራሱ ምልክት ነበረው። ከከተማው ዳር ያለችው የቱላ ቀበሌ ሊቀመንበር፣ የሚናገረው ሰው ካላማረው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ለእኔ «ድምፁን ቀንስ» ማለቱ ነው፤ እቀንሳለሁ። ተናጋሪው ማይኩን መታ መታ ያደርጋል፣ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። ሊቀመንበሩም «ይቅርታ፣ መሣሪያው ችግር ገጥሞታል፤ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ እንለፍ» ይላል። ከቀበሌ ጋር የሚሠራ ባለ ሞንታርቦ ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቅ ሁለተኛ አይጠራም።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ቱላ ነው። አባቴና እናቴ ቁልቁለቱ ሥር ባለችው የጭቃ ቤታቸው ይኖሩ ነበር። ከቤቱ በላይ፣ ከኮረብታው የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል ቦይ አለ፤ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በእጁ የቆፈረው። ልጆች ሆነን ክረምት ክረምት ውኃው በዚያ ቦይ እየጋለበ ሲወርድ ቆመን እናይ ነበር። ቤታችንን ነክቶት አያውቅም። ኋላ ላይ አንድ ባለሀብት መጣና መጋዘን ልሠራ ነው ብሎ አጠረ። አጥሩን የት ቢያሳልፈው ጥሩ ነው? ቦዩ ላይ! ቦዩን በአፈርና በድንጋይ ደፍኖ፣ በላዩ ብሎኬት ደረደረበት። የማን ዘመድ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ጎርፍ ቤት ድረስ ገባ። አባቴ ግማሽ አካሉን ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ነው ያለው። እናቴና ጎረቤቶቿ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ አወጡት። ከዚያ እናቴ ቀበሌ ተመላለሰች። አንዴ «እናስብበታለን»፣ አንዴ «ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን»፣ በመጨረሻ «ስብሰባ ይጠራል፤ እዚያ ይናገሩ» አሏት። ስብሰባው ሲጠራ ሞንታርቦ የታዘዘው ከእኔ ነው።

በዕለቱ ጠዋት ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ መጀመሪያ ወደ አባቴና እናቴ ቤት ሄድኩ። ሰማዩ ከኮረብታው በላይ ከወዲሁ ጠቁሯል።

«አባዬ፣ ሰማዩን አየኸው?» አልኩት።

«በመስኮት አየሁት» አለኝ።

«እንግዲያው ዛሬ ወደ እኔ ቤት ልውሰድህ። ባጃጁ በር ላይ ነው።»

«እናትህ ልትናገር አይደል የምትሄደው?» አለ። «ሰምተዋት ቦዩን ከከፈቱ ከቤቴ ለምን እወጣለሁ? ካልሰሟት ያኔ መጥተህ ውሰደኝ።»

እናቴ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አማርኛ ትሰማለች፤ ሰው ፊት ግን አትናገረውም፤ የምትናገረው በሲዳምኛ ነው። መንገድ ላይ የምትለውን እየደጋገመች ታጠናለች። «ከላይ የተማረ ሰው ይመጣል ብለውኛል» አለችኝ። «የተማረ ሰው ከሰማው ይገባዋል።» ይህችን ቃሏን ባስታወስኩ ቁጥር ያቃጥለኛል።

የቀበሌው አዳራሽ ሞልቷል። «ዶክተር» ብለው ያስተዋወቁት የአየር ንብረት ባለሙያ ከሌላ ክልል የመጣ፣ ሲዳምኛ የማይሰማ፣ ልጅ እግር ነገር ነው። የቀበሌው ጸሐፊ አጠገቡ ቆሞ ያስተረጉምለታል። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ደስ ይል ነበር። ማይክ አያያዝ ያውቃል፤ አይጮህም። ግድግዳው ላይ በረዶ ሲቀልጥ፣ ባሕር ሲሞላ፣ መሬት ተሰነጣጥቆ እያሳየ፣ «የዓለም ሙቀት እየጨመረ ነው። በዚህ ላይ የዓለም ሳይንቲስቶች ከሞላ ጎደል ተስማምተዋል። ዝናቡ ጊዜውን ሊስት፣ ሲመጣም ከብዶ ሊመጣ ይችላል» አለ። እኔም ጥጌ ላይ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ክፋት አለው?

ከዚያ ጸሐፊው ማይኩን ተቀበለና በሲዳምኛ እንዲህ አለ፦ «የዓለም ሳይንቲስቶች ሁሉ ተሰብስበው ተስማምተዋል። እዚህ ቱላ ላይ ጎርፍ ያመጣው አየሩ ነው። የሰው ጥፋት የለበትም ብለዋል። ይሄ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው።»

እንዴ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሰውየው ቱላ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ስለ ሰው ጥፋትም አላነሳም። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው አብዛኛው ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ ይሰማል። ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ምን እንደተባለ ያላወቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዶክተሩ።

«ጥያቄና አስተያየት» ተባለ። እናቴ ተነሳች። ማይኩን ራሴ ወስጄ ሰጠኋት።

«ዝናቡን እግዚአብሔር ነው የሚያዘንበው፤ በዝናቡ ከማንም ጋር ጸብ የለኝም» አለች በሲዳምኛ። «ከብዶ ይመጣል ካላችሁም ይምጣ። እኔ የምለው ስለ ቦዩ ነው። ቦዩ ተደፍኗል። የደፈነውም አየሩ አይደለም፤ ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ነው፣ መሮጥ አይችልም። ዛሬ ሰማዩ ጠቁሯል። እባካችሁ፣ ዝናቡ ሳይወርድ ያን አጥር አፍርሱና ቦዩን ክፈቱልኝ።»

ጸሐፊው ምንም ሳያፍር ወደ ዶክተሩ ዞረና በአማርኛ፣ «እናታችን፣ የአየር ንብረት ለውጥ በእጅጉ እንደጎዳቸው፣ በቀረበው ማብራሪያም ሙሉ በሙሉ እንደሚስማሙ ገልጸዋል» አለው።

ዶክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እናመሰግናለን እናቴ» አላት።

እናቴ እሱን አየችው፣ ጸሐፊውን አየችው። አማርኛ ትሰማለች ብያችኋለሁ። ወደ ማይኩ ጎንበስ ስትል ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለከተ።

እጄ ማጉያው ላይ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ፤ አላሰብኩም፣ አላወጣሁም፣ አላወረድኩም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አዳራሹ ጮኸ፣ ሰዉ ጆሮውን ያዘ። ሁለተኛውን ማይክ አነሳሁና፣

«እናቴ አልተስማማችም!» አልኩ በአማርኛ። «ዶክተር፣ ይሰሙኛል? እናቴ ያለችው ሌላ ነው። ቦያችን ላይ አጥር ተሠርቷል፤ ጎርፉ ቤታችን የሚገባው በዚያ ነው፤ አባቴ አልጋ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሳይመጣ ቦዩ ይከፈት ነው ያለችው። ለእኛ ደግሞ እርስዎ ያላሉትን ነው የተነገረን!»

«ዝም በል!» ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። «የተከራየነው ሞንታርቦህን ነው፣ አንተን አይደለም! አንተ ሳይንቲስት ነህ? ዓለም የተስማማበትን ነገር የምትቃወም አንተ ማን ነህ?»

«ቦዩን ማን ደፈነው ነው ያልኩት!»

«ይሄ ፀረ ልማት አስተሳሰብ ነው!» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ጊዜ አናባክን። የጎርፉ መንስኤ የአየር ንብረት ለውጥ መሆኑን ተቀብለን፣ ኮረብታው ላይ ችግኝ ለመትከል ተስማምተናል። ሳይንሱን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!»

መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ሰዉ ወደ ዶክተሩ ያያል። ዶክተሩ እኔን አየ፣ እናቴን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። ከዚያ፣ ያውም እስከ ጆሮው ብቻ፣ እጁን ከፍ አደረገ። እሱ ሲያወጣ የፊት ረድፉ አወጣ። የፊቱ ሲያወጣ የኋላው አወጣ። የጎረቤታችን የጋሽ ዳንጊሶ እጅ እንኳ ወጣ፤ ባለፈው ጎርፍ ከእናቴ ጋር ባልዲ የያዘው ጋሽ ዳንጊሶ!

«ተቃውሞ?»

የእናቴና የእኔ እጅ ብቻ ነበር የቆመው። ዓይን ያለው ሁሉ አይቶታል።

«የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

ጭብጨባው ሳያልቅ ሰማዩ አጓራ። ቀጥሎ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ የመዝጊያ ንግግሩን ቢቀጥልም አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። «አባትህ!» አለች።

ማጉያውንም፣ ማይኩንም፣ ሁሉንም እዚያው ጥዬ ከእናቴ ጋር ሮጥኩ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ከአዳራሹ እስከ ቤታችን እንደዚያ ቀን ርቆ አያውቅም። ስንደርስ ከኮረብታው የወረደው ውኃ አጥሩ ጋ ተቆልሎ፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ቤታችን ተጠምዝዟል። በሩን ገፍቼ ስገባ አባቴ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ውኃው ፍራሹን አልፎ፣ በደህናው እጁ የግድግዳውን ምሰሶ ይዟል። አልጮኸም። ሲያየኝ «ሰሟት?» ነው ያለኝ። በእግዚአብሔር ስም፣ በዚያ ውኃ መሃል የጠየቀኝ ይህን ነበር!

ተሸክሜው ወጣሁ። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጬው ዞር ስል ሰዉ መጥቷል። አካፋ የያዘ፣ ዶማ የያዘ፣ ባዶ እጁን የሆነ። ጋሽ ዳንጊሶ ከፊት ነው፤ ዶማውን አንስቶ ብሎኬቱን ይለዋል።

«ጋሼ፣ ቅድም እጅዎን አውጥተው አልነበር እንዴ?» አልኩት ንዴቴን መያዝ አቅቶኝ።

«እዚያ ሌላ፣ እዚህ ሌላ!» ብሎ ጮኸብኝ ቀና ሳይል። «አሁን ነገር ተወውና ና ያዝ!»

ያዝኩ። አጥሩ ሲናድ፣ አፈሩንም ስንዝቅ፣ ውኃው መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ እያጓራ በድሮ መንገዱ ወረደ። ቤታችን ውስጥ የተኛው ውኃ ዓይናችን እያየ ጎደለ። ዝናቡ ገና አላባራም ልብ በሉ። አየሩ ያው አየር፣ ሰማዩ ያው ሰማይ ነው። የተለወጠው ቦዩ ብቻ ነበር።

ቀና ስል ዶክተሩን አየሁት። ሱሪው እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ቆሟል። ተከትሎን መጥቷል። በዚህስ አመሰግነዋለሁ፤ ሊቀመንበሩ አልመጣም።

«ዶክተር፣ ይሄን አጥር አየሩ ነው የሠራው?» አልኩት።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳይንቲስቶች የተስማሙት ዓለም እየሞቀች ስለመሆኗ ነው። ስለዚህ ቦይ ግን የተስማማ ሳይንቲስት የለም። እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው።»

«እናቴ ያለችውን ተርጉሜ ነግሬዎታለሁ። ሰምተዋል። ታዲያ እጅዎን ለምን አወጡ?»

ወደ ቦዩ ዞረ። ዝናቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ሰብሳቢው ሕዝቡ ተስማምቷል አለ» አለ። «እኔ እንግዳ ነኝ። የአካባቢው ጉዳይ ነው፣ እነሱ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

«እኛ ደግሞ እርስዎ ስላወጡ የሳይንስ ጉዳይ ነው፣ እሱ ያውቃል ብለን ነው!»

እሱ እኛን አየ፣ እኛ እሱን አየን፣ «ሁሉም ተስማማ» ተባለ። ማንም ግን አልተስማማም ነበር! አንድም ሰው ከልቡ ያላመነበትን ነገር ሙሉ አዳራሽ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። በኋላ በአካባቢው ሬዲዮ የሰማሁትም ይህንኑ ነው፤ የቱላ ነዋሪዎች የጎርፉ መንስኤ የአየር ንብረት ለውጥ መሆኑን በሙሉ ድምፅ ማረጋገጣቸውን።

እኔን ከዚያ ወዲህ የጠራኝ ቀበሌ የለም። ሞንታርቦዬን «ለማጣራት» ብለው ያዙት፤ ሲመልሱልኝ ውኃ ገብቶት ነበር። አሁን አዲስ ከተማ ውስጥ ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ። ስለዚያ ብዙም አልበሳጭም፣ እጄ ሥራ አያጣም። አባቴ ግን ያ ብርድ ሳንባው ገባ። አልጋው ደረቀ፣ ቤቱ ተጠገነ፣ ቦዩም እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ እሱ ግን ክረምቱን አልጨረሰም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ንዴቴ ከየት እንደመጣ አየህ። ልጄ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ባለፈው ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ እኮ ሳይንቲስቶች ተስማምተዋል» አለችኝ። ጮህኩባት። ልጄ ላይ! እሷም ረጋ ብላ፣ «እነሱ እኮ እጅ አውጥተው አይደለም የተስማሙት። ለብዙ ዓመት ሙቀት እየለኩ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት እየፈለገ፣ እየተከራከሩ ነው» አለችኝ። ልክ ልትሆን ትችላለች። የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰው ነኝ፤ ሙቀቱ እንደ ልጅነቴ እንዳልሆነ ቆዳዬ ይነግረኛል። ግን «ሁሉም ተስማምተዋል» የሚለው ቃል ጆሮዬ ሲገባ የሚታየኝ ያ እስከ ጆሮ ብቻ የወጣ እጅ ነው። እውነት የሆነውን ነገር እንኳ በዚያ ቃል ከነገራችሁኝ አልሰማችሁም። ይህን ያደረገብኝ የመንደሬ መሃይምነት አይደለም። የሳይንስን ስም ወስደው ለባለ አጥሩ ዘበኛ ያደረጉት ሰዎች ናቸው። ማመን ነው የሰረቁኝ፤ ነገ ልጆቼን የሚያድን እውነት ይዞ የሚመጣ ሰው በሬን ቢያንኳኳ የማልከፍትለት በእነሱ ምክንያት ነው። ይህን ይቅር አልላቸውም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ለአባቴ ለቅሶ ሊቀመንበሩ መጣ። ድንኳን ውስጥ፣ እናቴ አጠገብ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ይደረግ እናቴ፣ አየሩ ተለወጠብን። ሁላችንም የተስማማንበት ነገር ነው» አላት።

እናቴ ፊቷን አዞረችና ትክ ብላ አየችው። ከዚያ በአማርኛ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት በአማርኛ፣

«እኔ አልተስማማሁም» አለችው።

ሊቀመንበሩ፣ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ መነጽሩን አወለቀ። እዚያ ግን ድምፁ የሚቀነስ ማይክ አልነበረም። እናቴ ደግማ አለችው።